ኦቨርታይም፣ ዕረፍትና ፈቃድ፦ ጅማ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጅማ ውስጥ ለዓመታት የደመወዝ መዝገብ ስሠራ ኖሬአለሁ። መርካቶ ስወርድ፣ አጂፕ አካባቢ ሻይ ስጠጣ፣ ባጃጅ ውስጥ ሳይቀር የሚጠይቀኝ ሰው አይጠፋም። ጥያቄዎቹ ይመሳሰላሉ። ስለዚህ መልሶቹን አንድ ቦታ ላስቀምጣቸው ብዬ ነው።

የትኛው ሕግ ነው? እኔንስ ይመለከተኛል?

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። በሆቴል፣ በቡና መጋዘን፣ በእንጨት ቤት፣ በፋብሪካ፣ በግል ክሊኒክና በግል ትምህርት ቤት ደመወዝ እየተከፈለው የሚሠራ ሰው በዚህ ሕግ ይተዳደራል። የመንግሥት ሠራተኛ የራሱ ሕግ አለው። የቤት ሠራተኞችም ከዚህ አዋጅ ውጭ ናቸው። ይህ ሁሌም ያሳዝነኛል፤ ከነሱ በላይ ረጅም ሰዓት የሚሠራ ሰው አላውቅምና።

«የተፈረመ ውል የለኝም» የምትሉ አትደንግጡ። የጽሑፍ ውል አለመኖር መብታችሁን አያጠፋም። እንዲያውም ውሉ በቃል ከሆነ፣ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የሥራውን ሁኔታ የሚገልጽ የተፈረመ ደብዳቤ መስጠት አለበት።

በቀን ስንት ሰዓት ነው መሥራት ያለብኝ?

ከ8 ሰዓት አይበልጥም። በሳምንት ደግሞ ከ48 አይበልጥም። ሰዓት የሚባለው እጃችሁ ሥራ ላይ ያረፈበት ጊዜ ብቻ አይደለም። ለሥራ ዝግጁ ሆናችሁ የጠበቃችሁበትም ይቆጠራል። የጭነት መኪና እስኪመጣ በር ላይ የተቀመጠ ጫኝ ሥራ ላይ ነው።

አርብ ለሶላት ቀደም ብለን እንወጣለን። አሠሪው «ያጎደላችሁትን ሌላ ቀን አሟሉ» ይላል። ኦቨርታይም አይደለም ወይ?

ጅማ ላይ ይህ ጥያቄ ሳይነሳ የሚያልፍ ሳምንት የለም። አዋጁ ለጸሎት ብሎ የለየው ሰዓት የለም። ነገር ግን የሥራው ጠባይ ሲያስገድድ የአንዱን ቀን ሰዓት አሳጥሮ ልዩነቱን ለሌሎቹ ቀናት ማከፋፈል ይፈቅዳል። ገደቡ፣ ከ8 ሰዓቱ በላይ በቀን ከ2 ሰዓት የበለጠ መጨመር አይቻልም። ስለዚህ አርብ 2 ሰዓት ቀንሳችሁ ሰኞና ማክሰኞ አንድ አንድ ሰዓት ብትጨምሩ፣ ያቺ ጭማሪ ኦቨርታይም አይደለችም። ቅዳሜ ግማሽ ቀን የሚሠሩ ቤቶችም በዚሁ ስሌት ነው የሚሄዱት።

ማጭበርበር የሚጀምረው አርብ 2 ሰዓት ሰጥቶ ሐሙስ 4 ሰዓት ሲያስቆይ ነው። ሳምንቱን ደምሩት። ከ48 ካለፈ ትርፍ አለ።

ኦቨርታይም እንዴት ነው የሚሰላው?

መጀመሪያ የአንድ ሰዓት ዋጋችሁን እወቁ። ብዙ የሒሳብ ሠራተኞች የወር ደመወዙን ለ208 ያካፍላሉ። 26 የሥራ ቀን ሲባዛ በ8 ሰዓት ማለት ነው። ደመወዛችሁ 5,200 ብር ከሆነ የሰዓታችሁ ዋጋ 25 ብር ይሆናል።

ቀጥሎ ማባዣው ይመጣል። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለተሠራ ትርፍ ሰዓት በ1.5። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 በ1.75። በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2። በሕዝብ በዓል ቀን በ2.5።

አንዲት የሆቴል ገንዘብ ተቀባይ እንውሰድ፤ ደመወዟ ያው 5,200 ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ ማታ ከ4 ሰዓት በፊት 2 ሰዓት ተጨማሪ ሠራች፤ 75 ብር። ሌላ ቀን ደግሞ ከ4 ሰዓት በኋላ 2 ሰዓት ቆየች፤ 87 ብር ከ50። በዕረፍት ቀኗ ተጠርታ 4 ሰዓት ሠራች፤ 200 ብር። ድምሩ 362 ብር ከ50 ሳንቲም ይሆናል። የሚከፈላትም ከወሩ ደመወዝ ጋር፣ በዚያው በደመወዝ ቀን ነው። «ለበዓል አንድ ላይ እንሰጥሻለን» የሚባል ነገር ሕጉ ውስጥ የለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የድሮው አዋጅ 377/96 ማባዣ በቀን 1.25፣ በሌሊት 1.5 ነበር። ሕጉ ተሽሮም በዚያው የሚያሰሉ ቤቶች አይቻለሁ። አንዳንዱ ሆን ብሎ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ የኮምፒውተር ሰሌዳውን ያስተካከለለት ሰው ስለሌለ። ከላይ ባለችው ሴት ሒሳብ ልዩነቱ በሳምንት 25 ብር ነው። ትንሽ ትመስላለች። በ52 ሳምንት አባዟት፤ 1,300 ብር ትሆናለች።

አለቃዬ «ቆይ» ሳይለኝ ሥራው ስላላለቀ ቆየሁ። ይከፈለኛል?

ብዙ ሰው የሚወድቅባት ጉድጓድ ይህቺ ናት። ትርፍ ሰዓት የሚባለው አሠሪው በግልጽ ሲያዝ ብቻ ነው። በራስ ተነሳሽነት የተቆየ ሰዓት ለክርክር አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ «ይህ ዛሬ አያልቅም፤ ልቆይ?» ብላችሁ ጠይቁ። በቴሌግራም ብትጠይቁ ደግሞ የተሻለ፤ «እሺ ቆይ» የምትለዋ መልስ ማስረጃ ናት። አትደምስሷት።

ትእዛዙንና እያንዳንዱ ሠራተኛ የሠራውን ትርፍ ሰዓት መመዝገብ የአሠሪው ግዴታ ነው። ግን እሱ መዘገበ ብላችሁ አትተኙ። አንዲት ደብተር ትበቃለች፦ ቀን፣ የገባሁበት ሰዓት፣ የወጣሁበት ሰዓት፣ ያዘዘኝ ሰው።

ኦቨርታይም አልሠራም ማለት እችላለሁ?

አዎ፤ መነሻው ማንም ሰው ትርፍ ሰዓት እንዲሠራ አይገደድም የሚል ነው። የሚፈቀደው አሠሪው ሌላ መላ ሊያገኝ በማይችልበት ጊዜ ነው፦ አደጋ ሲደርስ ወይም ሊደርስ ሲል፣ ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ሲገጥም፣ አስቸኳይ ሥራ ሲመጣ፣ ወይም ሳይቋረጥ በሚሄድ ሥራ ላይ የቀረ ሰው ሲተካ። ያም ሆኖ በቀን ከ4 ሰዓት፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ማለፍ የለበትም። ዝናብ ሊመጣ ሲል ሜዳ ላይ የተሰጣ ቡና መሰብሰብ አስቸኳይ ነው፤ አልከራከርም። ዓመቱን ሙሉ በየቀኑ «አስቸኳይ» የሚሆን ሥራ ግን የሰው እጥረት ነው።

ጥበቃ ነኝ። ከምሽት 12 እስከ ጠዋት 12 እሠራለሁ፤ በሳምንት 6 ሌሊት። ትክክል ነው?

አይደለም። 12 ሲባዛ በ6፣ 72 ሰዓት ነው። ከ48ቱ በላይ 24 ሰዓት አለ፤ ሕጉ የሚፈቅደው የትርፍ ሰዓት ጣሪያ ደግሞ 12 ነው። በዚህ ስሌት የ12 ሰዓት ፈረቃ በሳምንት ከ3 ሌሊት በላይ አይሄድም፤ የቀሩት 8፣ 8 ሰዓት መሆን አለባቸው። «24 ሰዓት ሠርተህ 24 ሰዓት ዕረፍ» የሚባለውም ሲደመር በአማካይ በሳምንት 84 ሰዓት ነው።

«ተቀምጦ ነው የሚያድረው፤ ምን ሠራ?» ሲባል እሰማለሁ። ዝግጁ ሆኖ መጠበቅ ሥራ ነው ብለናል። ጥበቃ ሥራው ራሱ መጠበቅ ነው እኮ!

ግን አንድ ነገር አትሳሳቱ። መደበኛው 8 ሰዓት ሌሊት ላይ ስለዋለ ብቻ 1.75 አይባዛም። 1.75 ለትርፍ ሰዓት ነው። የኅብረት ስምምነታችሁ፣ ማለትም የሠራተኛ ማኅበራችሁና አሠሪው የተፈራረሙት ውል፣ ለሌሊት ፈረቃ የተለየ አበል ካለው እሱ ሌላ ነገር ነው።

እሑድ ዕረፍት የለኝም። ሆቴል ነው የምሠራው።

በ7 ቀን ውስጥ ያልተቆራረጠ 24 ሰዓት ዕረፍት ይገባችኋል። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ማግስቱ ንጋት 12 ሰዓት የሚቆጠር። በመርሕ ደረጃ እሑድ ነው፤ ሆቴልና ሆስፒታልን በመሰለ ሥራ ግን ሌላ ቀን ሊሆን ይችላል። ማክሰኞ ከሆነ ማክሰኞ። ቀን የለም ማለት ግን አይቻልም። በዕረፍት ቀን የሠራ ሰው ምትክ ዕረፍትም ይገባዋል።

በበዓል ቀን ሠራሁ። በ2 ነው ወይስ በ2.5?

ሁለቱም አዋጁ ውስጥ አሉ፤ ግራ የሚያጋባውም ለዚህ ነው። በበዓል ቀን መደበኛ ሰዓታችሁን ከሠራችሁ እያንዳንዷ ሰዓት በ2 ትባዛለች። ከመደበኛው አልፋችሁ ትርፍ ከሠራችሁ ትርፏ በ2.5። የገናም ይሁን የዒድ፣ የዓድዋም ይሁን የመውሊድ ለውጥ የለውም። በዓሉ የናንተ ሃይማኖት ባይሆንም ሒሳቡ ያው ነው። «አንተ ሙስሊም ነህ፤ ፋሲካ ምንህ ነው?» ብሎ ክፍያ መከልከል አይቻልም፤ ለዒድም እንዲሁ።

በዓሉ ከዕረፍት ቀናችሁ ጋር ከተገጣጠመ የሚከፈለው የአንዱ ብቻ ነው። የወር ደመወዝተኛ ደግሞ በዓል ሆኖ ስላልሠራ አንድም ሳንቲም አይቀነስበትም።

ወንድሜ፣ እኛ ቡና የምንለቅም ሴቶች በኪሎ ነው የሚከፈለን። ሰዓት ምን ይመለከተናል?

እህቴ፣ ይመለከታችኋል። ክፍያው በሰዓት ሆነ በኪሎ ወይም በፈረሱላ የ8 ሰዓቱ ገደብ አይነሳም። አሠሪው «የፈለጋችሁትን ያህል ሥሩ» ብሎ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ሊያስቀምጣችሁ አይችልም። በበዓል ቀን ለማትሠሩበት የሚከፈላችሁ ነገር ግን በውላችሁ ወይም በኅብረት ስምምነት ነው የሚወሰነው። ስለዚህ ወቅቱ ሳይጀመር ተነጋገሩበት።

የቡና ሥራ በየዓመቱ የሚደጋገም ወቅታዊ ሥራ ስለሆነ ለተወሰነ ጊዜ መቀጠር ሕጋዊ ነው። ብዙዎቻችሁ የማታውቁት ግን ወቅቱ ሲያልቅ የዓመት ፈቃድ ድርሻ እንዳላችሁ ነው። 4 ወር የሠራች ሴት፣ 16 ለ12 ተካፍሎ በ4 ሲባዛ 5 ቀን ከሲሶ ይሆናል። ፈቃዱን ሳትወስጂ ከተለያያችሁ በገንዘብ ይከፈላል። 26 የሥራ ቀን እንደ አንድ ወር ይቆጠራል፤ ስለዚህ የሠራሽባቸውን ቀናት ቁጠሪ።

«ሱፐርቫይዘር ስለሆንክ ኦቨርታይም የለህም» ተባልኩ።

አዋጁ የማይመለከተው የሥራ መሪን ነው። የሥራ መሪ ማለት የድርጅቱን አመራር ፖሊሲ የሚያወጣና የሚያስፈጽም፣ ሰው የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማገድና የማሰናበት ሥልጣን የተሰጠው ሰው ነው። አንተ አንድ ሰው እንኳ መቅጠር ካልቻልክ፣ ደረትህ ላይ የተንጠለጠለው ባጅ የሥራ መሪ አያደርግህም።

የዓመት ፈቃዴ ስንት ቀን ነው?

በመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን። ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። 3 ዓመት የሠራ 17፣ 5 ዓመት የሠራ 18፣ 11 ዓመት የሠራ 21። የሥራ ቀን ስለሆነ እሑድና በዓል አይቆጠሩም። «በዓመት አንድ ይጨምራል» የምትሉ የድሮውን ሕግ ይዛችሁ ነው።

ፈቃዱ መቼ እንደሚወጣ መርሐ ግብር የሚያወጣው አሠሪው ነው፤ የናንተንም ፍላጎት ማየት አለበት። ለሁለት መክፈል የሚቻለው እናንተ ጠይቃችሁ እሱ ሲስማማ ነው። ሥራ ሲያስገድድ ሊያስተላልፈውም ይችላል፤ ግን ከ2 ዓመት በላይ አይንከባለልም።

ፈቃዴን በብር ለውጡልኝ ብልስ?

ሥራ ላይ እያላችሁ ክልክል ነው። «ፈቃድ አልፈልግም» ብላችሁ ብትፈርሙ እንኳ ፊርማው ዋጋ የለውም። በገንዘብ የሚለወጠው ስትለቁ ነው፤ ወይም ድንገተኛ ነገር ገጥሞ ከፈቃድ ላይ ስትጠሩ ለቀሩት ቀናት።

ስትለቁ ደግሞ የሚገባችሁ ሁሉ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መከፈል አለበት። አሠሪው ያለ ምክንያት ካዘገየ ፍርድ ቤት እስከ 3 ወር ደመወዝ ሊጨምርባችሁ ይችላል፤ ማለቴ፣ ሊጨምርላችሁ።

ለቅሶና ሠርግስ?

ስታገቡ 3 የሥራ ቀን ከክፍያ ጋር። የትዳር ጓደኛ፣ ልጅ፣ ወላጅ ወይም እስከ ሁለተኛ ደረጃ የሚቆጠር የሥጋ ወይም የጋብቻ ዘመድ ሲሞትም 3 የሥራ ቀን። ጎረቤት፣ የዕድር ሰው፣ አብሮ አደግ እዚህ ውስጥ አይገቡም። ለነሱ ከዓመት ፈቃድ መውሰድ ነው። ከባድና የተለየ ነገር ከገጠመ ያለ ክፍያ እስከ 5 ተከታታይ ቀን አለ፤ በበጀት ዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ።

ታመምኩ። እስከ መቼ ይከፈለኛል?

የሙከራ ጊዜን ከጨረሳችሁ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ አላችሁ። የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ያለ ክፍያ። በቀራችሁ ማግስት አሳውቁ፤ ዕውቅና ካለው ሕክምና ተቋም ወረቀት አምጡ። የወረቀቱን ኮፒ ለራሳችሁ አስቀሩ። ከሰው ኃይል ክፍል ጠረጴዛ ላይ ስንት ወረቀት ጠፍቶ አይቻለሁ።

ነፍሰ ጡር ነኝ።

እንኳን ደስ ያለሽ! ከመውለድሽ በፊት 30 ተከታታይ ቀን፣ ከወለድሽ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ከሙሉ ክፍያ ጋር አለሽ። ለሐኪም ምርመራ የምትሄጂበትም በክፍያ ነው፤ ማስረጃ ይዘሽ ተመለሺ። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ማሠራትም፣ ትርፍ ሰዓት ማሠራትም ክልክል ነው። አባትየው 3 ተከታታይ ቀን ያገኛል። ገንፎው ሳይበርድ ያልቃል፤ ግን ድሮ ይህም አልነበረም።

ልጄ 17 ዓመቱ ነው፤ እንጨት ቤት ተቀጥሯል።

ከ15 ዓመት በታች መቅጠር አይቻልም። ከ15 እስከ 18 ላሉ በቀን 7 ሰዓት። የሌሊት ሥራ፣ ትርፍ ሰዓት፣ የዕረፍትና የበዓል ቀን ሥራ አይፈቀድም።

ያልተከፈለኝን ኦቨርታይም እስከ መቼ ልጠይቅ?

እስከ 6 ወር። መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ።

ይህቺን ቁጥር በራሴ ነው የተማርኳት። ወጣት ሆኜ አንድ የቡና መጋዘን ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ። ከኅዳር እስከ ጥር መኪና ሲጫን አድራለሁ። የእያንዳንዱን መኪና መውጫ ሰዓት በእጄ እጽፍ ነበር፤ «ሌሊት 7፡40»፣ «ሌሊት 9፡15»። የራሴን ሰዓት ግን አንድም ቀን አልጻፍኩም። አለቃው «ወቅቱ ይለቅና እናስተካክላለን» ይለኛል። ወቅቱ ለቀቀ። ፋሲካ መጣ፤ ክረምቱ ገባ። መስከረም ላይ ደፍሬ ስጠይቅ የሕግ ሰው አማከረ መሰለኝ፣ ፈገግ ብሎ «ጊዜው አልፏል» አለኝ። እውነቱን ነበር። የመኪኖቹ መዝገብ እኔ ሌሊቱን ሙሉ እዚያ እንደነበርኩ ይመሰክር ነበር፤ ግን ማንም ሊያየው የሚገደድበት ጊዜ አልፎ ነበር።

ስለዚህ «እናስተካክላለን» ሲሏችሁ በልባችሁ ወር ቁጠሩ። 4ኛው ወር ላይ በጽሑፍ ጠይቁ። 5ኛው ላይ ካልተመለሰ ወደ ክስ ሂዱ።

ጅማ ላይ የት ልሂድ?

የሠራተኛ ማኅበር ካላችሁ ከሱ ጀምሩ። ከሌለ በከተማው ሠራተኛ ጉዳይን የሚከታተለው መሥሪያ ቤት የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ አለው። ተቆጣጣሪው ገብቶ መዝገብ ማየትና ጉድለት እንዲታረም ማዘዝ ይችላል። የገንዘቡን ክርክር የሚወስነው ግን የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው። ሠራተኛ በሥራ ክርክር ሲከስ የዳኝነት አይከፍልም።

ክሱን በአማርኛ ልጻፈው?

የኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፤ አቤቱታውም በዚያው ይጻፋል። የማትችሉ ከሆነ ፍርድ ቤቱ አካባቢ ጸሐፊዎች አሉ። ደብተራችሁን፣ የደመወዝ ወረቀታችሁንና የቴሌግራም መልእክቶቹን ይዛችሁ ሂዱ። ጸሐፊው የሚጽፈው የነገራችሁትን ነውና ቀንና ሰዓቱን ራሳችሁ በቅደም ተከተል ንገሩት። ለዳኝነት ባትከፍሉም ለጸሐፊው ትከፍላላችሁ፤ ዋጋውን ሳትቀመጡ ተስማሙ።